የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በባትሪ የሚሞቅ ልብስና የውጭ ብርድ

ኅዳር ከገባ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ደረቱ ላይ ቁልፍ ስላለውና በባትሪ ስለሚሞቀው ጃኬት፣ እንዲሁም በዚሁ መንገድ ስለሚሠሩት ሰደርያ፣ ጓንትና ካልሲ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥረን እነሆ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ በሌሊት ፈረቃ ሻንጣ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ በባትሪ የሚሞቅ ጃኬት ሲገዙ አይቼ እኔም በኢንተርኔት አንድ አዘዝሁ። ሻጩ «እስከ 10 ሰዓት ይሠራል» ብሎ ጽፏል፤ እኔ ግን በከፍተኛው ሙቀት ላይ ሳደርገው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶልኝ አያውቅም። ባትሪው ላይ 10,000 ሚሊአምፕ-ሰዓት የሚል ጽሑፍ አለ። ተታልዬ ይሆን? ደግሞስ ከሹራብና ከወፍራም ሁዲ በላይ ደርቤው እያለ ጣቶቼ በቆፈን የሚደርቁት ለምንድን ነው?
(አንባቢ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ አልተታለሉም፤ ሆኖም ሻጩ የነገረዎት ለእርሱ የሚመቸውን ግማሹን ብቻ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። በባትሪው ውስጥ ያሉት የሊቲየም አዮን ሴሎች 3.7 ቮልት ስለሆኑ፣ 10,000 ሚሊአምፕ-ሰዓት ማለትም 10 አምፕ-ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የእርስዎ ጃኬት እንደ አብዛኞቹ ርካሽ ጃኬቶች በዩኤስቢ 5 ቮልት የሚሠራ ከሆነ፣ ባትሪው ቮልቴጁን ከ3.7 ወደ 5 ከፍ ሲያደርግ ከዚህ ጉልበት የተወሰነው ስለሚባክን፣ ለጃኬቱ የሚደርሰው 31 ወይም 32 ዋት-ሰዓት ቢሆን ነው። በከፍተኛው ደረጃ 2 አምፕ ሲስብ 10 ዋት ይፈጃልና 31ን ለ10 ሲያካፍሉት ሦስት ሰዓት ገደማ ያገኛሉ። ከዚያ ላይ ደግሞ ብርዱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ሊቲየም አዮን ባትሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ የያዘውን ጉልበት ሁሉ አሟጦ መስጠት ስለማይችል፣ ባትሪውን በውጭ ኪስ የያዘ ሰው በውስጥ ኪስ ከያዘው ሰው ቀድሞ ያልቅበታል። «10 ሰዓት» የተባለውም ሐሰት አይደለም፤ ዝቅተኛው ደረጃ 3 ዋት ያህል ብቻ የሚፈጅ ከሆነ የተባለው ሰዓት ይሞላል። ገዢው ግን ሰዓቱን የሚያነበው ለከፍተኛው ሙቀት መስሎት ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባው ይኸው 10 ዋት የሚባለው ቁጥር ነው። ጤነኛ ሰው ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ እንኳ ገላው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ሻንጣ እያነሣ ሲያስቀምጥ ደግሞ ከ300 ዋት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጃኬቱ የሚጨምርልዎት ራስዎ ከሚያመነጩት ሙቀት ላይ አንድ አሥረኛውን፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ከዚያም ያነሰውን ነው። ይህን ትንሽ ጭማሪ ይዞ የሚያቆየው ልብስ ከሌለ፣ ነገሩ በሩን ከፍቶ ከሰል እንደ ማንደድ ይሆናል። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የሚሞቀውን ጃኬት ከሹራብና ከሁዲ በላይ ሲደርቡት ሙቀቱ ወደ ገላዎ ለመድረስ ሁለት ወፍራም ልብስ ማለፍ አለበት፣ ወደ ውጭ ለመውጣት ግን የሚያግደው የጃኬቱ ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ሙቀት ደግሞ በቀለለው መንገድ ይሄዳል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይለውጡት። ከሥር ገላ ላይ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ቴርማል ይልበሱ፤ ጥጥ ላብ ከጠጣ በቀላሉ ስለማይደርቅና እርጥብ ልብስ ሙቀትን ከገላ ስለሚመጥጥ የጥጥ ካናቴራ ለሌሊት ሥራ አይመከርም። በቴርማሉ ላይ በባትሪ የሚሞቀውን፣ ሰውነትዎ ላይ ጥብቅ ብሎ እንዲያርፍ አድርገው ይልበሱ። ከዚያ በላይ ሹራብዎንና ንፋስ የማያስገባ ሰፋ ያለ ካፖርት ይደርቡ፤ የሚያንጸባርቀው ሰደርያ በሁሉም ላይ ይሆናል። ንፋሱን ማገድ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። በአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሰንጠረዥ መሠረት፣ ቴርሞሜትሩ 0 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እያሳየ ንፋሱ በሰዓት 15 ማይል ቢነፍስ፣ ገላ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 19 ፋራናይት ይሆናል፤ ያልተሸፈነ ቆዳም በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። በእርስዎ ከተማ ጥር 30 ቀን 2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ሆነው ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት በሚወርድበት ቀን ደግሞ የትኛውም ባትሪ በየተወሰነ ደቂቃ ወደ ውስጥ ገብቶ መሞቅን አይተካም።

ወደ ጣቶችዎ እንምጣ። ሰውነት ብርድ ሲሰማው አስቀድሞ የሚጠብቀው ልብን፣ ሳንባንና ሌሎቹን የውስጥ አካላት ስለሆነ፣ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ቆፈን የሚመጣውም ከዚህ ነው። ደረትና ጀርባ በደንብ ሲሞቁ ግን ሰውነት «ትርፍ አለኝ» ብሎ ደሙን ወደ ጣቶች ይለቃል። ስለዚህ ጃኬቱ ከሥር ሲለበስ ጣቶችዎም ይጠቀማሉ። በባትሪ የሚሞቅ ጓንትስ? ለእርስዎ ሥራ አልመክረውም። የሚያሞቀው ሽቦ በየጣቱ ጀርባ ስለሚዘረጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሻንጣ እጀታ እየጨበጠ በሚዘረጋና በሚታጠፍ እጅ ላይ መገጣጠሚያው ጋ ቶሎ ይበጠሳል። ይህ ችግር የቆየ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ለብሰው ከ7,000 ሜትር በላይ ይበሩ የነበሩት ወታደሮችም በሽቦ መበጠስ ይቸገሩ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ልብሶች ሽቦ በተከታታይ የተያያዘ ስለነበር አንድ ቦታ ሲበጠስ ሙቀቱ በጠቅላላ ይጠፋ ነበር። ለእርስዎ ወፍራም የሥራ ጓንትና በውስጡ የሚገባ፣ ሲከፈት በብረት ዱቄት የሚሞቅ የአንድ ጊዜ ማሞቂያ ይበቃል፤ ጓንቱ ሲረጥብ የሚቀይሩት ሁለተኛ ጥንድም ይያዙ።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ሻንጣ በሚጭኑበት ጊዜ ያጥፉት፣ አለዚያ ያልብዎታል፤ ቀጣዩን አውሮፕላን ቆመው በሚጠብቁበት ጊዜ በመካከለኛው ደረጃ ያብሩት። ከመውጣትዎ ጥቂት ቀደም ብለው ማብራትም ይረዳል፤ ብርድ አጥንት ድረስ ከገባ በኋላ 10 ዋት መልሶ አያወጣውምና። በመጨረሻም፣ በአውሮፕላን አጠገብ ባትሪ ያለው ልብስ መልበስ በመሥሪያ ቤትዎ ደንብ የተፈቀደ መሆኑን አለቃዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ካለባቸው ቆይተዋል። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ለጥምቀትም ታቦቱ ሲወጣ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆመው ያከብራሉ፤ ቤት ይቆዩ ብላቸው በጄ አይሉም። ሁልጊዜ «እግሬን ይበርደኛል» ስለሚሉ በባትሪ የሚሞቅ ካልሲ ልገዛላቸው አስቤያለሁ። የትኛው ዓይነት ይሻላል?
(አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ለእናትዎ ካልሲውን አይግዙላቸው። ይህን ያህል ቆርጠን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ስኳር ለብዙ ዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ሰው እግሩ ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል። ሙቀት ቆዳን ለመጉዳት ደግሞ እሳት መሆን አያስፈልገውም፤ 44 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ነገር፣ ማለትም እጅ ሲነካው «ደስ ይላል» የሚያሰኝ ሙቀት፣ አንድ ቦታ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ተጣብቆ ከቆየ ቆዳን ያቃጥላል። ዲግሪው ከፍ ባለ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ በጣም ያጥራል፤ በ50 ዲግሪ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ገበያ ላይ ያሉት ካልሲዎች ብዙዎቹ ከ50 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ ተብለው ይሸጣሉ። ጤነኛ ሰው ሲበዛበት ይሰማዋል፣ ያጠፋዋል፤ እናትዎ ግን ሽቦው በጣታቸው ሥር ተጣጥፎ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቢቆይ የሚያውቁት ማታ ካልሲውን ሲያወልቁ፣ ምናልባትም ውኃ የቋጠረውን ቆዳ እርስዎ ሲያዩላቸው ይሆናል። በስኳር በሽተኛ እግር ላይ ትንሽ ቁስል ለመዳን ወራት ሊፈጅ፣ አንዳንዴም ወደ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪማቸው ሳይነግሯችሁ አይቀርም። ሐኪሞች እግርን ትኩስ ውኃ በያዘ ላስቲክ ወይም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አታሙቁ የሚሉትም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛም፣ እናትዎ «ይበርደኛል» የሚሉት በሞቀ ቤት ውስጥ ሆነውም ከሆነ፣ ነገሩ ከአየሩ ላይሆን ይችላል። የነርቭ መጎዳት እግሩ በሙቀት ላይ እያለ የብርድ ስሜት ይሰጣል፤ የደም ሥር መጥበብ ደግሞ እግርን በእውነት ያቀዘቅዛል። ሁለቱም ሐኪም ሊያያቸው የሚገቡ ስለሆኑ በሚቀጥለው ቀጠሮ አንስተው ያማክሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በባትሪ የሚሞቅ ነገር የግድ ከተፈለገ ሰደርያ ይሁን። ለሚኒያፖሊሱ አንባቢ እንደገለጽነው፣ ደረትና ጀርባ ሲሞቁ ወደ እግር የሚወርደው ደም ይሻሻላልና እግሩን ከሩቅ እንደ ማሞቅ ይሆናል። ሰደርያውን በቀጥታ ገላቸው ላይ ሳይሆን ከረጅም እጅጌ ካናቴራ በላይ፣ ከቀሚሳቸው ሥር ያልብሷቸው፤ ነጠላውና ካፖርቱ በላዩ ይሆናሉ። በዝቅተኛው ደረጃ ብቻ ያብሩት፤ ቁልፉንም እርስዎ ይቆጣጠሩት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገቡ ያጥፉት። ለብሰውት እንዲተኙ፣ ለሸለብታም ቢሆን፣ አይፍቀዱ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በደረታቸው ካለ ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ ሰደርያውም አይለበስም።

ለእግራቸው ወፍራም፣ ስፌቱ የማይቆረቁር፣ የማያጠብቅ የሱፍ ካልሲ ይግዙ። ጫማው ካልሲውን አስገብቶ ጣታቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ቦታ ይኑረው፤ የጠበበ ጫማ ደሙን አግዶ ይብሱን ያቀዘቅዛል። ሰው ከውጭ ሲቆም አብዛኛውን የእግር ሙቀት የሚወስደው መሬቱ ስለሆነ፣ ለጥምቀት ሲወጡ ከእግራቸው ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ድርብ ካርቶን ይዘው ይሂዱ። ጫማ አውልቀው በሚገቡበት ጊዜም የሚቀይሩት ደረቅ ካልሲ በቦርሳ ይኑራቸው፤ ደጁ ላይ የቀለጠው በረዶ ካልሲ ያረጥባልና። ማታ ማታ የውስጥ እግራቸውን ይዩላቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በደብረ ብርሃን በአንድ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ነው። ለገና ስሄድ በባትሪ የሚሞቁ ሁለት ጃኬቶች ልወስድለት እፈልጋለሁ። ባትሪውን በአውሮፕላን መያዝ ይቻላል? እዚያስ ይጠቅመዋል?
(አንባቢ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ይጠቅመዋል፤ እንዲያውም ለዚህ ልብስ ከእርሱ የተሻለ ተጠቃሚ ማግኘት ያስቸግራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ ጥበቃ ደግሞ ሰውነት ሙቀት የማያመነጭበት፣ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚያድሩበት ሥራ ነው። ብርዱ ግን የሚኒሶታን ያህል ስላልሆነ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ከጥሩ ካፖርት ሥር ሆኖ አብዛኛውን ሌሊት ያደርሰዋል።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻል፤ ከዚያ በላይ ያለው አይፈቀድም። የእርስዎ እያንዳንዳቸው ከ40 ዋት-ሰዓት የማይበልጡ ይመስለናል፤ ቢሆንም ቁጥሩ በባትሪው ላይ በግልጽ የተጻፈ መሆኑን ይዩ፣ የፍተሻ ሠራተኛው የሚያየው እርሱን ነውና። ምን ያህል ባትሪ እንደሚፈቀድ አየር መንገዶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመነሣትዎ በፊት ያንብቡት። እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻው በትንሽ ፌስታል ይጠቅልሉ። ባትሪው የወጣላቸው ጃኬቶች በሻንጣ ሊሄዱ ይችላሉ።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ምክር አለን። 7.4 ቮልት የሚሉት ጃኬቶች የተሻለ ይሞቃሉ፤ ነገር ግን የራሳቸው ልዩ ባትሪ ስላላቸው ባትሪው ሲደክም ደብረ ብርሃን ላይ ምትክ አይገኝም። በዩኤስቢ የሚሠራውን ይግዙለት። ባትሪው ቢያረጅ ወይም ቢጠፋ 2 አምፕ የሚያወጣ ማንኛውንም ፓወር ባንክ ከስልክ መሸጫ ገዝቶ ይቀጥላል። ከጀርመን የሚገዙት ቻርጀር 220 ቮልት የሚቀበል ከመሆኑም በላይ ሶኬቱ እዚያ ካለው ጋር ይገጥማል። ወንድምዎ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ቀን ቤቱ ሆኖ ይሁን፤ ሊቲየም አዮን ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሁለተኛ ባትሪ ቢኖረው ደግሞ ሁለተኛ ጃኬት ከማግኘት ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ በእኛ ግምት አንድ ጃኬትና አየር መንገዱ የሚፈቅደውን ያህል ባትሪ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ጋቢውንም አይጣለው። አራት ድርብ ጋቢ በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ፣ ከጃኬቱ በላይ ሲደረብ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፤ ጥጥ በመሆኑ ግን ጠል ካረጠበው አገልግሎቱ ይቀንሳል። ከበግ ጸጉር የሚሠራው የመንዝ ባና በዚህ ረገድ ይበልጠዋል፤ ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት መያዙን አይተውም። ለደብረ ብርሃን ሰው ባና ሩቅ አይደለም። በሌሊቱ መካከል ትኩስ ነገርና ምግብ መያዝም ይረዳዋል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ገላ ሙቀት የሚያወጣው ከበላው ነውና።

ጥያቄ፦ ይህ ጃኬት ይታጠባል? ዝናብ ቢመታኝስ ኤሌክትሪኩ አይዘኝም?
(አንባቢ ከዴንቨር)

መልስ፦ ኤሌክትሪኩ አይይዝዎትም፤ 5 ወይም 7.4 ቮልት ሰውን ለመጉዳት በጣም ትንሽ ነው። ውኃ የሚጎዳው ባትሪውን ስለሆነ ባትሪው ያለበት ኪስ እንዳይረጥብ ይጠንቀቁ። ለማጠብ ባትሪውን አውጥተው የሽቦውን ጫፍ በክዳኑ ይዝጉ፤ ክዳን ከሌለው በላስቲክ ጠቅልለው ይሰሩት። በመረብ ከረጢት ውስጥ አስገብተው በቀዝቃዛ ውኃና በቀስታ ዙር፣ ወይም በእጅ ይጠቡት። አይጭመቁት፣ አይተኩሱት፣ ላውንደሪ በኬሚካል እንዲያጥቡትም አይስጡ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ሳያስገቡ ያስጡት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ባትሪውን አያገናኙ። ከታጠበ በኋላ አንዱ ቦታ ብቻ ከሌላው በተለየ ቢያተኩስ ሽቦው ተጣጥፏል ወይም ተጎድቷል ማለት ስለሆነ እንደ ተራ ጃኬት ይልበሱት እንጂ አያብሩት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት የተጠቀምሁበት ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ሳወጣው ሆዱ ተነፍቶ አገኘሁት። ቻርጅ ግን ይቀበላል። ልጠቀምበት?
(አንባቢ ከቶሮንቶ)

መልስ፦ አይጠቀሙበት፤ ቻርጅም አያድርጉት። የተነፋው በውስጡ ጋዝ ስለተፈጠረ ነው፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ደረት ላይ ተይዞ እሳት ቢፈጥር ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። አይብሱት፣ አይጫኑት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣሉት። ከጨርቅና ከወረቀት አርቀው፣ በብረት ቆርቆሮ ውስጥ በደረቅ አሸዋ ላይ አድርገው ከቤት ውጭ ያስቀምጡት፤ ከዚያም ለከተማዎ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ደውለው ባትሪው የተነፋ መሆኑን በመግለጽ እንዴት እንደሚያስረክቡ ይጠይቁ፤ በየመደብሩ ያሉት የባትሪ መሰብሰቢያ ሣጥኖች ለደኅነኛ ባትሪ እንጂ ለተነፋ የተዘጋጁ አይደሉም። አዲሱን ሲገዙ የማጓጓዣ ደኅንነት ፈተና ማለፉን የሚገልጸውን «ዩኤን 38.3» የሚል መግለጫ ሻጩን ይጠይቁ። ክረምቱ ሲያልፍም ባዶውን ወይም ጢም ብሎ ሞልቶ ሳይሆን ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገው፣ ከጃኬቱ ነቅለው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ቦታ ያስቀምጡት፤ በየሁለትና ሦስት ወሩም እያወጡ ይዩት።